ጎንደርን ተመኝተን አዩታያ

የመጀመሪያው ሐሳባችን ጎንደር ነበር። ልጄ የወታደርነት ግዴታዋን ጨርሳ፣ እንደ እኩዮቿ ቦርሳ አንግታ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ከመብረሯ በፊት፣ እናቷ የተወለደችበትን አፈር እንድትረግጥ ፈልጌ ነበር። የቤቱ ወሬ ሁሉ እርሱ ሆኖ ሰነበተ። እናቴ የአምቦበርን መንደር፣ ለስግድ በዓል የሚወጣበትን ተራራ፣ እርሷ በልጅነቷ እንስራ አዝላ የምትወርድበትን የምንጭ መንገድ በጣቷ የጠረጴዛ ልብስ ላይ እየሣለች ለልጅ ልጇ ታሳያት ነበር። በ2023 ክረምት በአማራ ክልል ጦርነቱ ሲቀጣጠል ግን ነገሩ ተቋረጠ። የምንደውልላቸው ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “አሁንስ ቆዩ” አሉን። ቆየን። ዓመት አለፈ፤ መልሱ አሁንም “ቆዩ” ሆነ።

“እንግዲያው ባጋን እንሂድ” አለች ልጄ። ባጋን በምያንማር ምድር፣ በኢራዋዲ ወንዝ ዳር፣ ከ2,000 የሚበልጡ ጥንታዊ የቡድሃ ቤተ መቅደሶች እንደ ኩይሳ በሜዳ ላይ የተበተኑባት ከተማ ናት። ፎቶግራፉን አይቼ ወደድኳት። እዚያም ከ2021ዱ መፈንቅለ መንግሥት ወዲህ ሰላም የለም። በዚህ ዓይነት ሦስተኛዋ አዩታያ ሆነች፤ ከባንኮክ በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ለ417 ዓመት የሲያም ነገሥታት መናገሻ የነበረች ከተማ። እርሷንም ጦርነት አፍርሷታል፤ ግን በ1767 ነው። ቁስሉ ስለቆየ እንግዳ ትቀበላለች።

ይህን ሁሉ የምንመክረው እስራኤል ውስጥ፣ ቲራት ካርሜል ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነው። በምዕራብ በኩል ባሕሩ፣ በምሥራቅ የካርሜል ተራራ። ከተማችን የሃይፋ ደቡባዊ ጎረቤት ናት፤ መንገደኛ ሳያያት ያልፋል። እስከ 1948 ድረስ እዚህ የነበረው የፍልስጤማውያን መንደር አል ጢራ ይባል ነበር፤ ከሌሎቹ ጢራዎች እንዲለይም በለውዝ ዛፎቹ ይጠሩት ነበር። በዚያ ዓመት ጦርነት ነዋሪዎቹ ተፈናቀሉ፤ ቀጥሎ በድንኳንና በቆርቆሮ ቤት ስደተኛ አይሁድ ሰፈሩበት፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ እኛ መጣን። ለውዙ የዚህ አገር ክረምት ሳያልቅ በነጭ አበባ ተራራውን ሲያለብሰው፣ የማን እጅ የተከለው ዘር ይሆን ብዬ ሳልጠይቅ ያለፍኩበት ጊዜ ብዙ ነው። የሩቁን ፍርስራሽ ለማየት ቦርሳ ማሰናዳት ከጀመርኩ ወዲህ ግን ያንን ዛፍ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

እናቴ ዝግጅታችንን ለሳምንታት ዝም ብላ አየች። አንድ ዓርብ ማታ፣ ዳቦው ተቆርሶ ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ፣ “ልጄ፣ ጣዖት ለማየት ነው ይህን ሁሉ ገንዘብ የምታወጪው?” አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ፍርሃት ነበር። የእኛ የቤተ እስራኤል ሰዎች በጎንደር፣ በስሜንና በወገራ ተራሮች ለዘመናት የኖሩት ከሌላው አምልኮ ራሳቸውን ለይተው ነው። ባዕድ የነካ ሰው ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ ወደ መንደር አይገባም ነበር፤ ጎረቤቶቻችን “አትንኩኝ” ብለው ስም ያወጡልን በዚህ ነው። ያንን ሁሉ ለጠበቀ ሕዝብ ልጅ በወርቅ የተለበጠ ምስል ለማየት ባሕር ማቋረጥ ቀላል ነገር አይደለም። እኔም የእናቴ ፍርሃት ነበረብኝ። ከቄሶቻችን አንዱን ሄጄ ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ “ማየት ማየት ነው፤ መስገድ መስገድ ነው። ለይተሽ ሂጂ” አሉኝ።

ለእናቴ ግን ሌላም የምነግራት አገኘሁ። ቡድሃ የተባለው ሰው የንጉሥ ልጅ ነበር። አባቱ በሽታን፣ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ በቤተ መንግሥት ከልሎ አሳደገው፤ እርሱ ወጣ፣ አየ፣ ዙፋኑን ትቶ መነነ። ይህ ታሪክ ከሕንድ ተነሥቶ ከቋንቋ ቋንቋ ሲዛወር ክርስቲያናዊ ልብስ ለበሰ፤ ልዑሉም ይዋስፍ ተባለ። ስሙ ከሕንዱ “ቦዲሳትቫ” የመጣ ነው። በ1553 ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም መጽሐፉን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱት። በአይሁድም በኩል በ13ኛው መቶ ዓመት በባርሴሎና አብርሃም ኢብን ሐስዳይ በዕብራይስጥ ጻፈው፤ የንጉሡ ልጅና መናኙ ይባላል። እንግዲህ የኢትዮጵያ ካህናት በግዕዝ፣ የስፔን አይሁድ በዕብራይስጥ፣ ቡድሃ የሚለውን ስም ሳያነሡ የዚያኑ ሰው ሕይወት ሲያነቡ ኖረዋል። ይህን ስነግራት እናቴ ቡናዋን አስቀመጠች።

“መሎክሴ ነበር በይኛ!” አለች።

መሎክሴ የእኛ መነኩሴ ነው። በዓለም ካሉት የአይሁድ ማኅበረሰቦች ምንኩስናን ያቆየ ቤተ እስራኤል ብቻ ነው፤ ትውፊታችን ጀማሪው በ15ኛው መቶ ዓመት የነበሩት አባ ጽብራ ናቸው ይላል። እናቴ በልጅነቷ አንድ ሽማግሌ መሎክሴ አይታለች። ከመንደሩ ተለይተው በአጥር ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ ምግባቸውን ራሳቸው ያበስላሉ፤ ሰው አይነካቸውም። እህል የሚያመጣላቸው ሰው ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ይመለሳል፤ እርሳቸው ከሩቅ ይመርቃሉ። ይህን ታሪክ ከዚያ ቀን በፊት ነግራኝ አታውቅም። የሩቅ አገር መነኩሴ ስም ባይነሣ ኖሮ እስከ መቼ በሆዷ ይዛው ትቆይ እንደነበር አላውቅም።

ከቲራት ካርሜል ወደ ደቡብ፣ ባሕሩን ይዞ የሚወርደው ሜዳ በመረብ የተሸፈነ የሙዝ እርሻ ነው። እኔ በማሸጊያ ቤት በሠራሁባቸው ዓመታት ከታይላንድ ከመጡ ሠራተኞች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ምሳ በልቻለሁ። ከእነርሱ አብዛኞቹ ኢሳን ከሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ድሃ ገበሬ አገር የመጡ ናቸው። አንደኛው፣ ከእኔ የሚበልጥ ሰው፣ ዕብራይስጡን ከእርሻ የለቀመ፣ የሚጣበቅ ሩዙን በትንሽ የቀርከሃ ሙዳይ ይዞ ይመጣል። በሦስት ጣቱ ቆንጥሮ ያድቦለቡለዋል፣ በርበሬ የበዛበት ማጥቀሻ ውስጥ ይነክረዋል፣ ይጎርሳል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን እጄ ሳላዝዘው ወደ እንጀራዬ ሄደ። አጎረስኩት። ጉርሻ ምን እንደሆነ የሚያስረዳው ሰው አላስፈለገውም፤ በማግስቱ መለሰልኝ። በጥቅምት 2023 በደቡብ እስራኤል በደረሰው ጥቃት ከተገደሉትና ከታገቱት ውስጥ እንደ እርሱ ያሉ የእርሻ ሠራተኞችም ነበሩ። ያን ጊዜ ወደ አገሩ ሄደ፤ ዕዳ ነበረበትና በዓመቱ ተመልሶ መጣ።

አዩታያ ልንሄድ መሆኑን ስነግረው ፊቱ በራ። ምክሩ ስለ ሰውነት አያያዝ ብቻ ነበር። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ራስ ክቡር ነው፣ እግር ዝቅ ያለ ነው፤ ስለዚህ የሕፃን ራስ እንኳ አትንኪ፣ ስትቀመጪ የእግርሽ መዳፍ ወደ ምስሉ እንዳይዞር። ሴት መነኩሴ አትነካም። ደጁ ላይ ጫማ ይወልቃል። ከዚያ ከቦርሳው 20 ባት አውጥቶ ሰጠኝ። በዚያች ከተማ ዋት ፓናን ቾንግ የሚባል ቤተ መቅደስ አለ፤ እናቱ በሕይወት ሳለች ልትሳለመው ትመኝ ነበር፤ በእናቱ ስም ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ እንዳስገባለት ለመነኝ። እሺ አልኩት፤ ቄሱ ያሉኝን እያሰብኩ።

“ጫማ ይወልቃል” ያለው ቃል ግን ከሌላው ሁሉ በላይ አብሮኝ ከረመ። አባቴ ወደዚህ አገር በገባን በመጀመሪያው ሰንበት ወደ አንድ ምኩራብ ሄዶ ደጁ ላይ ጫማውን አወለቀ። አምላክ ፊት በጫማ የሚቆም ሰው አይቶ አያውቅም፤ ሙሴ በቁጥቋጦው ፊት ያደረገውን ነው ያደረገው። አንድ ሰው መጥቶ፣ “ይህ መስጊድ አይደለም፤ ጫማህን አድርግ” አለው። በመጣንበት አገር የጸሎት ቤታችን ስሙ መስጊድ ነበር፤ መስገጃ ማለት ነው። አባቴ ያን ዕለት ምንም አልመለሰም። ጫማውን አደረገ፣ ገባ፣ ጸለየ። እስኪሞት ድረስ በምኩራብ ውስጥ ወንበሩ ሥር ተረከዙን ከጫማው ትንሽ አውጥቶ እንደሚቀመጥ ያየሁት እኔ ነኝ።

ከባንኮክ የሚነሣው ባቡር በሩዝ ማሳ መካከል ይሄዳል። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ነጫጭ ሳቢሳዎች ከውኃው ይነሣሉ። አዩታያ በሦስት ወንዞች፣ በቻኦ ፕራያ፣ በፓ ሳክና በሎፕቡሪ የተከበበች ደሴት ናት፤ ከጣቢያው ወርደን በትንሽ ጀልባ ነው የተሻገርነው። ነገሥታቱ በ14ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ይህን ቦታ የመረጡት ውኃው አጥር ስለሚሆን ነው። ጎንደርም በቀሐና በአንገረብ ወንዞች መካከል መቀመጧን እናቴ ነግራኝ ነበር። ልጄ ጀልባዋ ላይ እጇን ውኃ ውስጥ እየነከረች፣ “ኢማ፣ ይህን ጣና አድርጊው” አለችኝ።

መጀመሪያ የገባነው ዋት ማሃታት ነበር። ጣዖት አያለሁ ብዬ ነው የገባሁት። ያየሁት በረድፍ የተቀመጡ፣ ራስ የሌላቸው አካላት ናቸው። እጃቸው ጭናቸው ላይ ዐርፏል፤ አንገታቸው ላይ የተቆረጠ ጡብ ይታያል። የበርማ ጦር ከተማዋን ከዓመት በላይ ከብቦ በ1767 ሲገባ አቃጠላት፤ በኋላም ሌቦች ራሶቹን እየቆረጡ ለገበያ አወጧቸው። በነገሥታቱ ቅጥር ውስጥ በነበረው በዋት ፕራ ሲ ሳንፔት 16 ሜትር የሚረዝም በወርቅ የተለበጠ ምስል ቆሞ ነበር፤ ወርቁ ቀልጦ ተወሰደ። የቀረው በፀሐይ የሚግል ቀይ ጡብና እዚህም እዚያም የተጣበቀ የኖራ ልስን ነው። ሳላስበው ነጠላዬን አዘቅዝቄ እንደ ሐዘንተኛ ማጣፋቴን ያየሁት ልጄ ስትነግረኝ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ስለ አምልኮ ልከራከር አልቻልኩም። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው የሟቹን ሃይማኖት አይጠይቅም።

እዚያው አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር የድንጋይ ራስ አለ። ሥሮቹ ዙሪያውን አቅፈውት ፊቱን ብቻ ትተዋል፤ ያ ፊት ፈገግ ሊል ጥቂት የቀረው ይመስላል። ፎቶ የሚነሣ ሰው ራሱ ከዚያ ራስ በላይ እንዳይሆን ቁጭ ማለት አለበት፤ ቆመው የሚነሡትን ጠባቂው በእጁ ምልክት ያስቀምጣቸዋል። ልጄ ማንም ሳይነግራት ቁጢጥ አለች። አያቴ ከተቀመጡበት መደብ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ማናችንም አንቀመጥም ነበር፤ ልጄ እርሳቸውን አላየቻቸውም። ይህ በደም ይወረሳል ብዬ አላምንም፤ እናቴ ፊት ወለሉ ላይ ስቀመጥ አይታ የተማረችው ነው።

ማልደን ስንነሣ መነኮሳቱ በባዶ እግራቸው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ የምግብ ዕቃቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው በሰልፍ ያልፋሉ። ሴቶች በየደጃፋቸው ተንበርክከው ሩዝ ያስቀምጡላቸዋል። እጅ ለእጅ አይነካኩም፤ ሴት ለመነኩሴ ዕቃ ማቀበል ቢኖርባት ጨርቅ ይዘረጋል፣ እርሷ ጨርቁ ላይ ታስቀምጣለች። የኢትዮጵያ ሰው ከሆነ የቆሎ ተማሪው በየደጁ ስለ ማርያም ብሎ ሲለምን ያስታውሳል። እኔ ግን ያየሁት ከአምቦበር ወዲያ ያለውን ድንጋይ፣ በላዩም የተቀመጠውን እህል ነው። በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ሆኖም አየሁት።

ስለ ምግብ ስጋታችን ትልቅ ነበር። የከተማዋ ዝና የወንዝ ትልልቅ ሽሪምፕ ነው፤ ለእኛ አይበላም። ያዳነን “ጄ” የምትል ቀይ ፊደል ያለባት ቢጫ ባንዲራ ናት፤ ያለችበት ምግብ ቤት ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም የለም። አዲስ አበባ ላይ “የጾም አለ?” እንደማለት ነው። ከዚያም ለመንገዱ ሮቲ ሳይ ማይ ገዛን፤ የከተማዋ ሙስሊሞች የሚሠሩት ጣፋጭ ነው። ሴትዮዋ የጋለ ምጣድ ላይ ሊጡን በእጇ ነካ አድርጋ ታነሣዋለች፤ ከእንጀራ የሳሳ፣ እንደ ወረቀት ያለ ቂጣ ይቀራል። በላዩ እንደ ተባዘተ ጥጥ የተፈተለ ስኳር ታደርጋለች፤ ትጠቀልላለች። ስሙ የሐር ክር ሮቲ ማለት ነው። ጥጥ ስትፈትል ላደገች ለእናቴ ያን ስኳር ማሳየት አማረኝ፤ ፎቶ ግን ጣዕም የለውም።

አመሻሹን ወንዙን ተሻግረን ዋት ቻይዋታናራም ደረስን። ፀሐይ ከኋላው ስትጠልቅ የመካከሉ ግንብ ጥቁር ሆኖ ይቆማል። ንጉሥ ፕራሳት ቶንግ ለእናቱ መታሰቢያ ያሠራው በ1630 ነው። 6 ዓመት ቆይቶ፣ በ1636፣ ፋሲለደስ ጎንደርን ቆረቆረ። ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሁለቱን ከተሞች ጎን ለጎን አስተያየኋቸው። ፖርቹጋሎች አዩታያ በ1511 ደረሱ፤ መልእክተኞቻቸው ኢትዮጵያ በ1520። ፋሲለደስ የአባቱን የሱስንዮስን የካቶሊክ ሃይማኖት አስቀርቶ ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጣ፤ ሲያምም በ1688 ፈረንሳዮችን ከነወታደሮቻቸው አስወጣች። ሁለቱም ግቢያቸውን ለፈረንጅ ከፍተው ሁለቱም ዘጉ። አዩታያ በ1767 ተቃጠለች፤ በ1769 ራስ ሚካኤል ስሑል ንጉሥ ኢዮአስን አስገደሉና ጎንደር ዘመነ መሳፍንት ውስጥ ገባች። ሁለት ዓመት ብቻ። አንድ ሕፃን ተወልዶ አፍ እስኪፈታ ባለው ጊዜ ውስጥ በዓለም ሁለት ጫፍ ሁለት መናገሻዎች ወደቁ፤ አንዷ ስለ ሌላዋ የሰማች አይመስለኝም።

ጎንደርን እኔ ያየኋት አንድ ጊዜ ነው። በ1990 ወደ አዲስ አበባ ስንወርድ፣ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ከመኪናው ላይ አያቴ ግንቡን በከዘራቸው አሳዩኝ። “በዚያ የእኛ ሰዎች እጅ አለበት” አሉ። የጎንደርን ሕንፃዎች ከሠሩት መካከል የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች እንደነበሩበት የታሪክ ጸሐፊዎችም ይጽፋሉ። የስሜኑን ጦራችንን የሰበረው የፋሲለደስ አባት ሱስንዮስ መሆኑን ያነበብኩት ግን ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ቀን የጠየቅሁት የልጅ ጥያቄ ነበር፤ “ታዲያ ለምን እዚያ አንኖርም?” አያቴ ከዘራቸውን መለሱና ዝም አሉ። በማግስቱ ዓመት ግንቦት ላይ፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ወደ እስራኤል ሲጓጓዝ፣ እኛም ወንበሩ በተነቀለ አውሮፕላን ወለል ላይ ተቀምጠን መጣን። ይህን ለልጄ በዕብራይስጥ ነግሬያት አውቃለሁ። በአማርኛ የነገርኳት ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሣር ላይ ነው፤ ያልገባትን ቃል እየጠየቀች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

ዋት ፓናን ቾንግን ለመጨረሻው ቀን አስቀርተን ነበር። ይህኛው ፍርስራሽ አይደለም። ከከተማዋ ቀድሞ በ1324 የተሠራው 19 ሜትር የሚረዝም የተቀመጠ ቡድሃ ዛሬም ይመለክበታል፤ ሰው ብርቱካናማ ጨርቅ ገዝቶ ያመጣል፣ አገልጋዮቹ ላይ ሆነው ተቀብለው የምስሉን ትከሻ ያለብሱታል። ዕጣኑ ደጁ ድረስ ይሸታል። ልጄ ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ አልከለከልኳትም። እኔ ደረጃው ላይ ቀረሁ። ራስ የሌላቸው ፊት አንገቴን መድፋት አልከበደኝም ነበር፤ ሕዝብ የሚሰግድለት ፊት ግን ከመድረኩ ማለፍ እንደማልችል አውቄዋለሁ። ይህን ያህል ርቀት መጥቶ ደጅ መቅረት ለሌላው እንግዳ ነገር ሊሆን ይችላል። ለእኔ የመጣሁበት ቦታ እርሱ ደጅ ነበር።

አንዲት አሮጊት ከጎኔ ተቀምጠው ሰንደላቸውን ይፈታሉ። 20 ባቱን አወጣሁና በሁለት እጄ ዘረጋሁላቸው፤ ወደ ውስጥ፣ ወደ ሙዳየ ምጽዋቱ ጠቆምኩ። የምንግባባበት ቋንቋ የለንም። የስልኬን ፎቶ አሳየኋቸው፤ ያ ሰው ሙዝ እርሻው መካከል ባርኔጣውን አድርጎ ቆሟል። አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ገንዘቡን ግንባራቸው ላይ አስነክተው ይዘው ገቡ።

ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት፤ ቲራት ካርሜል ገና ረፋድ ነው።

“የት ነሽ?”

“ደጅ ላይ።”

“ልጅቱስ?”

“ውስጥ ናት። ትመጣለች።”

ትንሽ ዝም አለች። ከበስተጀርባዋ የቡና ሙቀጫ ይሰማል።

“ጫማሽስ?”

“አውልቄያለሁ፣ እማ።”

“ደግ አደረግሽ” አለች።